ለረዳት አሠልጣኙ የሚነገር መርዶ

አዲስ አበባ ሳለሁ ሥራዬ ስልክ ማገናኘት ነበር። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚያች ወንበር አልተነሣሁም። የሰው ደስታም ሐዘንም በጆሮዬ ያልፋል እንጂ ከአፌ አይወጣም ነበር። ዝምተኛ ናት የሚሉኝ እውነታቸውን ነው፤ ሥራው እንደዚያ አድርጎ ሠራኝ። አሁን የምነግራችሁ ግን በኮሮናው ወረርሽኝ ሁለተኛ ክረምት፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ጀርሚስተን ውስጥ፣ የሰማሁትን ወሬ ልያዘው ልልቀቀው ሳላውቅ የቆየሁባቸውን ቀናት ነው።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው ልጄ ዮናስ ወደዚህ ያመጣኝ። ሌላ ልጅ የለኝም። ዮናስ ለአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት ጉልበቱ ተበላሸና እንደ ብዙዎቹ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወረደ። ከድር የሚባል የስልጤ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ አስገባው። ሱቁን ከአንድ ኮሌጅ ሜዳ የሚለየው የሽቦ አጥር ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ቡድኑ ሲለማመድ ኳስ አጥሩን ዘልላ ሱቁ ደጃፍ ትወድቃለች። ዮናስ ባንኮኒውን ትቶ ይወጣና በደረቱ አቁሞ በግራ እግሩ ይመልሳታል። አንድ እሑድ ዋናው አሠልጣኝ ኮች ሲፖ አጥሩ ድረስ መጣና “ዛሬ በእግርህ አትመልሳት። በእጅህ ይዘሃት በበሩ ግባ” አለው።

በዚያ በር ገባ። መጀመሪያ ውኃ አቀበለ፣ መለያ ሰበሰበ። ከዚያ ተከላካዮቹን ለብቻቸው ያሠራ ጀመር። ቀን ሱቅ እየዋለ የአሠልጣኝነት ኮርስ ተማረና ፈተናውን አለፈ፤ ኮሌጁም በረዳት አሠልጣኝነት ቀጠረው። ከዚያ በኋላ ግን ዓመታት ነጎዱ፣ እሱም ረዳት እንደሆነ ቀረ። ከድር በመጣ ቁጥር ይተርበዋል።

“የታክሲ ረዳት እንኳ ሲቆይ ሹፌር ይሆናል። አንተ በሩ ላይ ተንጠልጥለህ ልትሞት ነው?”

“ሹፌሩ ጎበዝ ነዋ” ይላል ዮናስ። “ምን ቸገረኝ?”

“ጻካኔ ሰፈር አዲስ ሱቅ ከፍቻለሁ። ቁልፉን ውሰድና ሰው ሁን።”

ዮናስ ይስቃል። ቁልፉን አልወሰደም።

ኮች ሲፖ ጸጉሩ የሸበተ ግዙፍ ሰው ነበር። ዮናስን በመኪናው ሲያደርሰው ሁልጊዜ ወርዶ፣ በሁለት እጁ ጨብጦኝ “ሳውቦና፣ ጎጎ” ይለኛል፤ በእነሱ ቋንቋ ሰላም፣ አያቴ ማለቱ ነው። አንድ ቀን “ሜዳው ዳር የምቀመጥበት ወንበር የልጅሽ ነው፤ እኔ ቦታ እየያዝኩለት ነው” አለኝ። በዚህ አገር ከልጄና ከከድር ሌላ በሬን አንኳኩቶ ስለ ጤናዬ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ሜዳው ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም። አንዳንድ ቀን እሄድና ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ትንሽ አይቼ፣ ጨዋታው ሳያልቅ እመለሳለሁ። ከሰው መሀል ገብቼ ምን እሠራለሁ እል ነበር።

እዚህ ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ አጥንት የሚሰብር ደረቅ ብርድ ነው። በዚያ ክረምት ውድድር ቆመ፣ ኮሌጁም ተዘጋ። ዮናስ እያሳለ መጣ፤ ተመረመረና በሽታው ተገኘበት። የምንኖረው ከአከራያችን ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። እሱ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ተኛ፣ እኔ ማድ ቤት ሆንኩ። በሩ ሥር አንድ የፕላስቲክ ወንበር አኖርን። ምግቡን እዚያ ላይ አስቀምጬ እሸሻለሁ፤ እሱ ከፍቶ ይወስዳል። “ስልኬን እንኳ ዘግቼዋለሁ፣ ብርሃኑ ራሴን ያመኛል” አለኝ። የማየው እጁን ብቻ ነበር። ማታ ማታ ሳሉን እያዳመጥኩ እተኛለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ተነሥቼ እቀመጣለሁ።

ረቡዕ ቀትር ላይ የእኔ ስልክ ጠራ። ከኮሌጁ የስፖርት ክፍል ታንዲ ነበረች። እንግሊዝኛ በሥራዬ የለመድኩት ስለሆነ አያስቸግረኝም።

“የዮናስ እናት ነዎት? እሱን ስደውልለት አያነሣም፤ ስጽፍለትም አይመልስም።”

“ታሟል። ምን ልንገርልሽ?”

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በስልክ ላይ ዝቅ ያለ ድምፅ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

“ኮች ሲፖ ትናንት ጠዋት በኮሮና ታሞ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ” አለች። “ቅዳሜ ይቀበራል። ቤተሰቡ ብዙ ሰው መቀበል አይችልም፤ የቀረው በስልክ ነው የሚከታተለው። ርእሰ መምህሩ ቡድኑን የሚረከበው ሰው በቀብሩ ላይ እንዲነገር ይፈልጋሉ። ሲፖ ከማረፉ በፊት የጠራው የዮናስን ስም ነው። ግን እሱ ራሱ እሺ ማለት አለበት። እስከ ዓርብ ቀትር ካልመለሰ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያ ሰው በር እያንኳኳ ነው።”

“እነግረዋለሁ” አልኩና ዘጋሁ። እንዴት እንደምነግረው ግን አላውቅም።

“እማዬ፣ ማን ነው?” አለ ዮናስ ከበሩ ወዲያ።

“ከድር ነው።”

“ምን አለ?”

“ሎሚ ላምጣ ወይ አለኝ።”

በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ሞት አይነገርም። መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሰው ከበረታ በኋላ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እናት በበር ቀዳዳ አትነግርም። ሞቱን ካልነገርኩት ደግሞ ስለ ቦታው ልነግረው አልችልም። ያን ሁሉ ዓመት የደከመለት ወንበር በዓርብ ቀትር ሊያመልጠው ነው። ብነግረው መተንፈስ ያቃተው ደረቱ ምን እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል።

አመሻሹ ላይ ሾርባውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ “ኮች ሲፖስ እንዴት ነው?” አልኩት።

“ደህና ነው” አለ። “ሰላም ብሎሻል።”

ትኩሳቱ ወደ ራሱ ወጥቶ ያለፈውን ከዛሬ እያቀላቀለበት ነው ብዬ አሰብኩ። “እግዚአብሔር ይስጠው” አልኩ።

በዚያ ምሽት እህቴ ትዝ አለችኝ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ ሞተች። ለወራት ደበቁኝ። ስደውል “ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች”፣ “ድምፅዋ ተዘግቷል” ይሉኛል። በሰው ድምፅ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ የምለው እኔ አመንኳቸው፤ ማመን ስለፈለግሁ ነው። በኋላ ስሰማ ከሞቷ እኩል የከበደኝ ያ ሁሉ ወር ነው። እሷ አፈር ውስጥ ሆና፣ እኔ እየሳቅሁ ሰላም በሉልኝ ስል ነበር።

ሐሙስ ከድር የምሩን ሎሚና ዝንጅብል ይዞ መጣ። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ እሱ ከበሩ ውጭ እኔ ከውስጥ ሆነን ቆምን። የሆነውን ነገርኩት።

“ኢና ሊላሂ” አለና አንገቱን ደፋ። “ደግ ሰው ነበር። ሲገዛ ዱቤ አይጠይቅም።” ቀጥሎም “እማማ፣ አይንገሩት። ለታመመ ሰው እንዴት ይነገራል?” አለኝ።

“ዓርብስ?”

“ዓርብ ይለፍ። ምናልባት አላህ አንዱን በር የዘጋው ሌላውን ሊከፍት ነው። የጻካኔውን ሱቅ ራሱ ጠይቆኝ የለ እንዴ።”

“ማን?”

“ዮናስ ነዋ። ትናንት ጻፈልኝ። ሱቁ አሁንም አለ ወይ፣ ቁልፉን እወስዳለሁ፣ ኳስ በቃኝ ብሎ።”

እጄ የብረቱ በር ላይ ነበር። ብርዱ ሲገባኝ ታወቀኝ።

“ስልኬን ዘግቻለሁ ብሎኛል” አልኩ።

ከድር ዓይኑን ከእኔ አነሣ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ዮናስ ለዓመታት ሲስቅበት የኖረውን ቁልፍ በትኩሳት ተነሥቶ አይለምንም። ሞቱን ያውቃል ወይም አያውቅም። ካወቀ፣ ከበሩ ወዲያ ብቻውን እያለቀሰ ነው። ካላወቀም ምክንያቱን ሳይነግረኝ ሕይወቱን እየጣለ ነው።

“ነገ በጠዋት ና” አልኩት ከድርን። “መርዶ አንድ ሰው አይነግርም። እኔ ደግሞ እዚህ ሌላ ሽማግሌ የለኝም።”

“እኔ እስላም ነኝ፣ እማማ። ሥርዓታችሁን አላውቅም።”

“መቆም ታውቅ የለ? አጠገቤ ቁም።”

ዓርብ የጠዋት ሶላቱን ሰግዶ መጣ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር፤ ሰው ሲሞት እንደምናደርገው። በማድ ቤቱ በር ወጥቼ ቤቱን ዞርኩና ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ቆምን። ከድር ቆቡን በእጁ ይዞ በስተግራዬ ሆነ። መስታወቱን አንኳኳሁ።

ዮናስ መጋረጃውን ገለጠ። ከብዙ ቀን በኋላ ፊቱን ሳየው ነው። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። መጀመሪያ ነጠላዬን አየ። ከዚያ ከድርን አየ። መስኮቱን ትንሽ ከፈት አደረገ።

ማን ሞተ አላለም።

“ማን ነገረሽ?” አለ።

“አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?” አልኩት።

“ልጆቹ የሞተ ዕለት ጽፈውልኛል። ከተኛሁበት ማልቀስ ፈለግሁ፤ ትሰሚኛለሽ ብዬ ተውኩት። የደም ግፊት አለብሽ፣ ብቻሽን ነሽ። ብትወድቂ ማን ያነሣሻል? ወጥቼ ልይዝሽ አልችልም።”

“ሰላም ብሎሻል አልከኝ።”

“ምን ልበልሽ?”

በአንድ ቤት፣ በአንድ በር ወዲህና ወዲያ ሆነን አንድ ሞት ስንደባበቅ ነበር።

“የሱቁን ቁልፍ አምጥተሃል?” አለው ዮናስ ከድርን።

“ለምን ትፈልገዋለህ?”

ዮናስ መልስ ከመስጠቱ በፊት ረጅም ሳል ያዘው። ሲለቀው ድምፁ ደከመ። “የመጨረሻ ቀን በእሱ መኪና ነው የመጣሁት። እየቆረጠመኝ ነበር፣ ብርድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። መስኮቱ ዝግ ነበር። በሽታውን እኔ ነኝ የሰጠሁት። አሁን ደግሞ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ? ለታንዲ ምን ብዬ ልመልስ?”

ልጄ ስልኩን የማያነሣበት ምክንያት ይሄ ነበር። የመለሰለት ከድር ነው።

“አንተ ነህ ለእሱ የሰጠኸው ወይስ እሱ ነው ለአንተ የሰጠህ? በምን አወቅክ?”

“አላውቅም።”

“እሱ ከሆነ የሰጠህስ? ትከሰዋለህ?”

“አልከሰውም።”

“እና ምንድነው ታዲያ?” አለ ከድር። ቆቡን በእጁ አገላበጠ። “ቁልፉን አልሰጥህም። ሱቅ የሐዘን መሸሸጊያ አይደለም። እንዲህ ሆነህ ብትገባ ለጻካኔ ሰው ሁሉ ዱቤ ሰጥተህ ታከስረኛለህ።”

ዮናስ ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው። ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው። እኔም ከማድ ቤት የፕላስቲኩን ወንበር አምጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ልይዘው አልቻልኩም። መስታወቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ ብርዱ እስኪያደነዝዘኝ አላነሣሁትም። ከድር ጀርባውን ሰጥቶን ወደ አከራያችን ግቢ እያየ ቆመ። ለቅሶ ቤቱ ይኸው ነበር፤ ሦስት ሰው።

ፀሐይ ወጣ ስትል “አሁን አልቅሰሃል” አልኩት ዮናስን። “ታንዲ ቀትር ነው ያለችው። እሺ በል ወይም እምቢ በል፤ ያ የአንተ ነው። በዝምታ ግን አትተወው። የእህቴን ነገር ታውቃለህ። ዝም ሲሉኝ ያዘኑልኝ መስሏቸው ነበር።”

መጋረጃውን መለሰው። ከድር ሄደ፣ እኔም ገብቼ አጃ አፈላሁ። ማንኪያውን እያዞርኩ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር። አጃው ቀዘቀዘ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የእንግሊዝኛ ንግግሩን ሰማሁ።

“ታንዲ፣ ዮናስ ነኝ። ቡድኑን እረከባለሁ። አንድ ነገር ግን አለ። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ የምቀመጠው በራሴ፣ በረዳቱ ቦታ ነው።”

ሙት ዓመት ምን እንደሆነ ሲያስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ቅዳሜ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ስልኩን ወደ ውጭ አዙሮ አቆመልኝና እሱ በጎን ሆኖ ያይ ጀመር። እኔ ብርድ ልብስ ተደርቤ ፀሐዩ ላይ ተቀመጥኩ። በስልኩ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል። የቀድሞ ተጫዋች የሆነ አንድ ጎልማሳ ወጥቶ ስለ ኮች ሲፖ ሲናገር፣ አሁን ቡድኑን ስለሚረከበው ሰው አንድ ነገር ልንገራችሁ አለ። ኮች ሲፖ አጥሩ ማዶ ያለው የሱቅ ሠራተኛ ኳስ ሲመልስ አንድ ጊዜ ካየው በኋላ፣ በየእሑዱ “ኳሷን ወደ ሱቁ ምቱልኝ፤ ያ ሰው ይውጣልኝ” ይላቸው ነበር። እነሱ የሳቱ እየመሰሉ ሲስቁ፣ እሱ ግን የሚያየው አጥሩን ነበር።

ዮናስ በመስታወቱ ውስጥ ወደ እኔ ዞረ። ያን ሁሉ ዓመት “በአጋጣሚ የወደቀች ኳስ ሕይወቴን ቀየረችው” ሲል ኖሯል። “ሰማሽ?” አለኝ። በሹክሹክታ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። ተራው ሲደርስ እያሳለ ጥቂት ቃላት ተናገረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ በሰው ፊት ሲናገር የዚያን ዕለት ነው የሰማሁት።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መርዶን እንደ ሥርዓቱ አታድርሱ አልላችሁም። ሥርዓቱ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ የተሠራ ነው፤ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጠገቤ ሰው ያቆምኩት ለዚያ ነው። ግን በዚያ ወረርሽኝ ስንቶቻችን በየቤታችን ሐዘናችንን ለሌላው ስንል ደብቀን፣ ሌላውም ለእኛ ሲል ደብቆ፣ ሁለት ብቸኛ ሰዎች እንደሆንን አስባለሁ። የምትወዱት ሰው “ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል” ቢላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁት። እኔ በጆሮዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ትንሽ በአፌም መኖር ጀምሬአለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ቀላል አይደለም።

ዮናስ ዳነ። ጨዋታ ሲጀመር እንደ ቃሉ በረዳቱ ቦታ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ወንበር ባዶ ነበር። አዲስ ተማሪ ሳያውቅ ሊቀመጥበት ሲል የቆዩት ክንዱን ይዘው ያነሡታል። ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ በነበረው እሑድ እኔም እንደ ልማዴ ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ከድርም ሱቁን ዘግቶ ወጥቷል። ዮናስ ከቦታው ተነሣ፣ የመጀመሪያውን ወንበር በመዳፉ ዳሰሰና ተቀመጠበት። እሱ በተነሣበት ቦታ አዲሱ ረዳቱ ተቀመጠ።

“ሹፌር ሆነ” አለ ከድር ዓይኑን እየጠረገ።

ወደ ቤት ልመለስ ስዞር አንዲት ኳስ አጥሩን ዘልላ እግሬ ሥር ወደቀች። ቀና ስል ዮናስ ቆሞ ወደ እኔ ያያል፤ በእጁ በሩን እያሳየኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ አነሣኋት። አቧራዋ ነጠላዬን ነካው። በእጄ ይዣት በበሩ ገባሁ።

ሆን ብለህ ነው ወይ ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።